የካሜራ ሠሪዎች ፉክክር

ዛሬ የምንነጋገረው ካሜራ የሚሠሩ ኩባንያዎች በገበያ ስላደረጉት ፉክክር ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ድሮ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ ስንነሳ፣ ፎቶ አንሺው «ከነገ ወዲያ ኑ» ይለን ነበር። ካሜራው ውስጥ ያለው ፊልም በመድኃኒት ካልታጠበ ምስል አይሰጥማ! የኩባንያዎቹም ትርፍ እዚያው ፊልሙ ላይ ነበር። ኩራዝ አንዴ ከተገዛ ዓመታት ያገለግላል፤ ላምባው ግን ባለቀ ቁጥር ይገዛል። የአሜሪካው ኮዳክ የከበረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ካሜራውን ረከስ አድርጎ ይሰጥና ፊልሙን ሲሸጥ ይኖራል። በ1982 ሮቸስተር በምትባለው ከተማ ብቻ 60 ሺህ ያህል ሠራተኞች ነበሩት።

ታዲያ በ1975 ስቲቭ ሳሰን የሚባል የዚሁ የኮዳክ መሐንዲስ ፊልም የማይፈልግ ካሜራ ሠራ። ዲጂታል የምንለው ካሜራ መነሻው ይህ ነው። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ አንዱን ምስል በካሴት ክር ላይ ለማስፈር 23 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ምስሉም ጥቁርና ነጭ ነው። ዕቃው ገና ጥሬ ነበር፤ አለቆቹን ያሳሰባቸው ግን ሌላ ነው። ሰው ያለ ፊልም ፎቶ ካነሳ ላምባውን ማን ይገዛል? ስለዚህ ለገበያ ሳያወጡት ቀሩ።

ገበያ ግን አይጠብቅም። ሶኒ፣ ካኖንና ኒኮን የተባሉት የጃፓን ኩባንያዎች ዲጂታል ካሜራ እየሠሩ ተሽቀዳደሙ። አንዱ ምስሉን ሲያጠራ ሌላው ዋጋውን ይቀንሳል። ኮዳክም ገባበት፤ ብዙም ሸጠ፤ ነገር ግን ከካሜራው የሚገኘው ትርፍ የፊልሙን ያህል አልሆነለትም። በ2007 አንዳንድ ትልልቅ የፋብሪካ ሕንፃዎቹን ራሱ በፈንጂ አፈረሰ። በ2012 መክሠሩን ገልጾ ከአበዳሪዎቹ እንዲከለል ፍርድ ቤት ገባ። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ቀድመው ተበትነዋል። እኛን የሚቆጨን የእነሱ ነገር ነው፤ ካሜራውን የደበቁት እነሱ አልነበሩም።

አሸናፊዎቹስ? እርስ በርስ ሲፋለሙ ያላሰቡት ተፎካካሪ በጓሮ በኩል ገባባቸው፤ ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ። የጃፓን ካሜራ ሠሪዎች በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ አቅርበው ነበር፤ በ2020 ከ9 ሚሊዮን በታች ሆነ። ኮኒካ ሚኖልታ የተባለውማ አስቀድሞ፣ በ2006 የካሜራ ሥራውን ትቶ ወጥቷል።

የጃፓኑ ፉጂፊልም ግን ሌላ ዘዴ ፈለገ። ፊልም የሚለበጠው ከከብት አጥንትና ቆዳ በሚወጣ ጄላቲን ነው። ፉጂ በዚህ ያካበተውን ዕውቀት ይዞ የፊት ቅባትና መድኃኒት ወደ መሥራት ዞረ። ካሜራም እስከ ዛሬ ይሠራል።