ሐና ለሳሙኤል የሠራችው ልብስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤ በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በአውበሬና በዙሪያው ባሉት ከተሞች የምትኖሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤

ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ነገር ስለ ሕፃናት ትምህርት ነው። ይኸውም ገና በአራት፣ በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ወደ መዋዕለ ሕፃናት ስለምትልኳቸው ልጆቻችሁ፣ በእናንተና በመምህሮቻቸውም መካከል ሊኖር ስለሚገባው አንድነት ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ታሪኳ የተጻፈው ሐና ልጅ በማጣቷ ብዙ ዘመን እንዳለቀሰች ሁላችሁ ታውቃላችሁ። እግዚአብሔር ልመናዋን ሰምቶ ሳሙኤልን በሰጣት ጊዜ ስእለቷን አልረሳችም፤ ሕፃኑ ጡት ከተወ በኋላ ወደ ሴሎ ወስዳ ለካህኑ ለኤሊ አስረከበችው። ታሪኩን ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ በዚህ እናቆማለን። ነገር ግን በሁለተኛው ምዕራፍ አንዲት ትንሽ ነገር ተጽፋለች። ሐና በየዓመቱ ከባልዋ ከሕልቃና ጋር መሥዋዕት ለማቅረብ በምትወጣበት ጊዜ ለልጅዋ ታናሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር።

ምእመናን ሆይ፤ ይህችን መደረቢያ አስተውሉ። ለሚያድግ ልጅ ልብስ መሥራት የሚችል ልኩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ያምናው ዘንድሮ ያጥራል፤ የዘንድሮውም ለከርሞ አይበቃም። ሐና ዓመት ሙሉ ያላየችውን ልጅ ቁመት ታውቅ ዘንድ በልቧ ስታሳድገው ከርማለች ማለት ነው። ልጅዋን ለመምህሩ ሰጠች፤ ልኩን ከማወቅ ግን አላቋረጠችም። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ልጃችሁን በየማለዳው ለመምህር የምታስረክቡ ወላጆች፣ የልጃችሁን የአእምሮውን ልክ ታውቃላችሁን?

መዋዕል ማለት በግዕዝ ቀኖች ማለት ነው። መዋዕለ ሕፃናት ስንልም ሕፃናት ቀናቸውን የሚያሳልፉበትን ቤት መናገራችን ነው። ቀኑ የመምህሩ ከሆነ፣ ማታውና ንጋቱ የማን ነው? ያለ ጥርጥር የወላጅ ነው። መምህሩ ቀን የዘራውን ወላጅ ማታ ካላጠጣው ዘሩ በማግሥቱ ደርቆ ይገኛል።

ይህ አንድነት ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ሕፃኑ ከየኔታ ዘንድ ቀርቦ ፊደል ይቈጥራል፤ አቡጊዳውን ይለያል፤ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌለ ዮሐንስን፣ በመጨረሻም ዳዊትን ይማራል። ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ እንደ ዓቅማቸው ደግሰው የኔታን ያመሰግናሉ። ብዙዎቹ ወላጆች ራሳቸው ፊደል የማያውቁ ነበሩ፤ ልጃቸው ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ደረሰ ግን ያውቁ ነበር። ከአገሩ ርቆ ለሚማረው ተማሪም በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በደጅ ሲቆም የመንደሩ ሰው ቁራሹን ይሰጠው ነበር። መምህሩ ቃሉን፣ መንደሩ እንጀራውን እየሰጡ ልጁን በአንድነት አሳደጉት። ሙስሊሞች ጎረቤቶቻችንም ልጆቻቸውን ዱግሲ ወደሚሉት የቁርዓን ትምህርት ቤት ሲልኩ፣ ሕፃኑ ከእንጨት በተሠራ ሉሕ ላይ የጻፈውን እያነበነበ እንደሚያጠና በየመንደሩ የምናየው ነው።

በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ መዋዕለ ሕፃናት አንዱ በድሬዳዋ ለባቡር ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች የተከፈተው እንደ ሆነ ይነገራል። በዚያ ዘመን የጥቂቶች የነበረው ነገር ዛሬ ለሁሉ የሚገባ ሆኖአል። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት ያወጡት የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አራት ምሰሶዎች ሲኖሩት፣ የመጀመሪያው ወላጆችን ማስተማር ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ትምህርት እንዲኖር ደንግጓል። መንግሥት ቤቱን ሊሠራ፣ መምህርም ሊመድብ ይችላል። ማታ በምድጃ ዙሪያ ከልጁ ጋር የሚቀመጥ ሰው ግን ሊመድብላችሁ አይችልም።

የባሕር ማዶ ሰዎችም ይህን በብዙ ድካም መርምረው አግኝተውታል። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት፣ ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ፣ ከ1962 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ድረስ ከድሆች ቤተ ሰብ የተወለዱ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት ተመርጠው፣ 58ቱ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት እንዲማሩ ተደረገ፤ የቀሩት አልገቡም። መምህራኑም ልጆቹን በክፍል ካስተማሩ በኋላ በየሳምንቱ ወደ እያንዳንዱ ልጅ ቤት እየሄዱ ከእናቱ ጋር ሰዓት ተኩል ያህል ይቀመጡ ነበር። ልጆቹን አርባ ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ተከታትለው ባዩአቸው ጊዜ፣ የተማሩት ሁለተኛ ደረጃን በመጨረስ፣ የተሻለ ገቢ በማግኘትና ከወንጀል በመራቅ ካልተማሩት በልጠው ተገኙ። የመምህሩ እግር ወደ ልጁ ቤት መድረሱን ልብ በሉ። የንስሐ አባት የንስሐ ልጆቹን በየቤታቸው እንደሚጎበኝ፣ እነዚያም መምህራን እንዲሁ አደረጉ።

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። በጅግጅጋ ሜዳና በዙሪያው ቢርካ የሚባለውን የውኃ ማጠራቀሚያ የማያውቅ የለም። ብልህ ሰው ዝናቡ ሳይመጣ ጉድጓዱን ይጠርጋል፤ ስንጥቁን በሲሚንቶ ይመርጋል፤ ጎርፉ የሚገባበትንም ቦይ ያቀናል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ቦይ ቢቆፍር ምን ይጠቅመዋል? በበጋው የሚጠጣው በዝናቡ ወራት ያጠራቀመውን ነው። ሕፃንነትም የዝናብ ወራት ነው። ቶሎ ያልፋል፤ ሰው ግን ዕድሜውን ሁሉ ከእርሱ ይቀዳል።

ነገር ግን ኑሮ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚጓዝ ነጋዴ አለ፤ ከማለዳ እስከ ማታ በገበያ የምትውል እናት አለች፤ ሌሊት ዘብ አድሮ ቀን የሚተኛ አባት አለ። ከእነዚህም መካከል፣ «ክፍያውን ከፍለናል፤ የቀረው የመምህሩ ድርሻ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ሐናም ሳሙኤልን ስትወስድ ወይፈን፣ ዱቄትና የወይን ጠጅ ይዛ ሄዳ ነበር። ስጦታውን ሰጥቻለሁ ብላ ግን መደረቢያውን አላስቀረችም።

ከእናንተ የሚፈለገው ብዙ ጊዜም ብዙ ገንዘብም አይደለም። ማታ ቡና ሲፈላ ልጁ ሲኒዎቹን ይቍጠር፤ ስንት ሰው እንዳለ አይቶ ስንት ሲኒ እንደሚጎድል ይንገራችሁ፤ ይህ ሒሳብ ነው። አያቱ ተረት ትንገረው፤ በማግሥቱም እርሱ መልሶ ይንገራት፤ ይህ ንባብን የሚቀድም ንባብ ነው። ሽንኩርቱን ትልቁን ከትንሹ፣ ቀዩን ከነጩ ይለይ። ስትጸልዩ ከአጠገባችሁ ይቁም፤ ስታማትቡ ያማትብ። ፊደል የማታውቅ እናት ይህን ሁሉ ማድረግ ትችላለች።

እዚህ ላይ በከተሞቻችን ስለሚታይ አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ፣ «ምን ተማርህ?» ብለው ጠይቀው፣ «ስንጫወት ዋልን» ቢላቸው በመምህሩ ላይ የሚቈጡ ወላጆች አሉ። የአራት ዓመት ልጅ እንግሊዝኛ እንዲናገር፣ ደብተሩም በጽሕፈት እንዲሞላ ይሻሉ። ምእመናን ሆይ፤ ሕፃን የሚማረው በጨዋታው ነው። በአሸዋ ሲሠራ፣ ጠጠር ሲደረድር ጣቶቹ እርሳስ ለመያዝ ይበረታሉ፤ ሲዘምር ጆሮው ድምፅን ከድምፅ ይለያል፤ ተራውን ሲጠብቅ ትዕግሥትን ያጠናል። ስለዚህ ከማን ጋር ምን እንደ ተጫወተ ጠይቁት። ሲመልስላችሁም በእጃችሁ ያለውን ስልክ አስቀምጣችሁ ስሙት።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደውን ነገር አሁን እንናገር። እናንተ የምትኖሩት ሶማሊኛ የሥራ ቋንቋ በሆነበት፣ አብዛኛው ሕዝብም ሙስሊም በሆነበት አገር ነው። የእናንተ ልጅ በቤት የግዕዝን ፊደል ይቈጥራል። ሶማሊኛ ግን፣ የሶማሊያ መንግሥት በ1965 ዓ.ም. ከወሰነው ወዲህ፣ በላቲን ፊደል ይጻፋል። የጎረቤታችሁ ልጅ ደግሞ በዱግሲ የዓረብ ፊደልን ያጠናል። ሦስት ፊደላት በአንድ መንደር ይገናኛሉ። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው የራሱን ቋንቋ እንዳይረሳ ይሠጋሉ። ቋንቋው በቤት እየተነገረ፣ እየተተረተና እየተጸለየበት ከኖረ አይረሳም፤ የጎረቤቱንም ቋንቋ ቢጨምር አንደበቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ልጁ አንድ ቀን ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ በሶማሊኛ «ነበድ» ብሎ ቢገባባችሁ እንዴት ትቀበሉታላችሁ? ነበድ ማለት ሰላም ማለት ነው። ካህን በቅዳሴ ሕዝቡን የሚባርክበት ቃል ይኸው ነው። በደስታ ብትቀበሉት ልጁ ቤቱና ትምህርት ቤቱ አንድ መሆናቸውን ይማራል። ፊታችሁን ብታጠቍሩበት ግን ከሁለቱ አንዱን መደበቅ እንዳለበት ይማራል፤ በሁለት ልብ የሚኖር ልጅም አያድግም።

በሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ የሆነውን አንረሳም። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ካህናትና ምእመናን ሞተዋል። የሞቱትን በጸሎት እናስባለን፤ ያዘነውንም ቤት ዝም በል አንለውም። ነገር ግን በዚያ ቀን ያልተወለደ ሕፃን ዛሬ በመዋዕለ ሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጦአል፤ ከአጠገቡም የጎረቤቱ ልጅ ተቀምጦአል። ማታ በማዕድ ዙሪያ ስለዚያ ጎረቤት የምትናገሩት ሁሉ በማግሥቱ ከሁለቱ ሕፃናት መካከል ይገባል። ኀዘናችሁን ለእግዚአብሔር፣ ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ፤ ጥላቻን ግን ለሕፃን አታውርሱ። መምህርቱ ሙስሊም ብትሆን በአክብሮት ሰላምታ ስጧት፤ ልጁ ስታከብሯት ካላየ የምትለውን አይሰማምና። ቅር የሚያሰኛችሁ ነገር ቢኖር ልጁ በሌለበት ለራሷ ንገሯት።

ለመምህራንም አንድ ቃል አለን። ወላጅን የምትጠሩት ልጁ ሲያጠፋ ወይም ክፍያ ሲዘገይ ብቻ አይሁን። ዛሬ ልጅሽ የወደቀ ጓደኛውን አነሣ፤ ዛሬ እስከ አሥር ቈጠረ ብላችሁ በበሩ ላይ ብትነግሯት፣ ያች እናት በደስታ ትሄዳለች፤ በማግሥቱም ልጁ ሌሊት አለመተኛቱን፣ ወይም በቤት ሕመምተኛ መኖሩን ሳትጠሯት መጥታ ትነግራችኋለች።

በመጨረሻም የኤሊን ልጆች እናስብ። አፍኒንና ፊንሐስ ከቤተ መቅደስ ሳይለዩ ያደጉ የካህን ልጆች ነበሩ፤ አባታቸው ግን ሲያጠፉ አልገታቸውምና ጠፉ። እንግዲህ ልጅን ከመልካም ቦታ ማስቀመጥ ብቻውን አያድነውም። ሳሙኤልን ግን ኤሊ የእግዚአብሔርን ድምፅ መስማት አስተማረው፤ እናቱም በየዓመቱ ልኩን እያወቀች አለበሰችው። በመምህርና በእናት መካከል ያደገው ሕፃን ለእስራኤል ሁሉ ነቢይ ሆነ።

ስለዚህ፣ የወላጆች ጉባኤ በተጠራበት ቀን ገበያ ነው ብላችሁ አትቅሩ፤ አባቶች ሆይ፣ ጉባኤውን ለእናቶች ብቻ አትተዉ። ሁለታችሁም ባይመቻችሁ አያት ወይም ክርስትና አባት ይሂድላችሁ። ዛሬ ማታም ልጃችሁን አስቀምጣችሁ ዘንድሮ ምን እንደ ጨመረ እወቁለት፤ በልኩም መደረቢያ ሥሩለት።

ሳሙኤልን በሞገስ ያሳደገ አምላክ የእናንተንም ልጆች በጥበብና በሞገስ ያሳድግላችሁ፤ መምህሮቻቸውን ያበርታ፤ ለአገራችን ሰላምን፣ ለጎረቤቶቻችንም ፍቅርን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።