የተሰበረ የፕላስቲክ ዕቃ በምን ማጣበቂያ እንደሚጠገን



ልጆች ትምህርት የሚሰሙበት ራዲዮ ቀፎው ቢሰበር፥ ማስቲሽ ከማንሣት አስቀድሞ ፕላስቲኩን መመርመር ይገባል። ፕላስቲክ ሁሉ ስሙ አንድ ቢሆንም ባሕርዩ ልዩ ልዩ ነውና። ከስብራቱ ጥቂት ፍቅፋቂ ወስዳችሁ ውኃ ውስጥ አጥልቃችሁ ልቀቁት።

የተንሳፈፈ እንደ ሆነ ፖሊኤቲሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ብዙ ጊዜም በሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 2፥ 4 ወይም 5 ቁጥር ይታተምበታል። ጀሪካንና ባልዲ ከዚህ ወገን ናቸው። ለብቻው የተሰናዳ መቀቢያ ካልቀደመው ሱፐር ግሉም ኤፖክሲም አይይዘውም፤ እኔ በዚህ ያጠፋሁትን ገንዘብ አልናገርም። ይህንስ ደጅ ወጥቶ በጋለ ቢላዋ አቅልጦ ማገናኘት ይሻላል።

የሰጠመ እንደ ሆነ፥ የራዲዮ ቀፎም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው፥ ስብራቱ ንጹሕና ገጣሚ ከሆነ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ ትበቃዋለች፤ ብዙ ማፍሰስ መያዙን ያዘገየዋል። ቁራሹ የጐደለ ወይም ክብደት የሚሸከም ከሆነ ግን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ ሁለቱን የኤፖክሲ ክፍሎች በታዘዘው መጠን ቀላቅሎ መቀባት ነው። በ5 ደቂቃ የሚደርቀው እንኳ ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝ 24 ሰዓት ያህል ሳይነካ ይቈይ።

ሱፐር ግሉ ጣትንና ዓይንን ያጣብቃልና ሕፃናት አይንኩት። የተሰነጠቀ የኤሌክትሪክ ሶኬት ግን በማናቸውም ማጣበቂያ አይጠገንም፤ ይለወጥ።