ስለ ተሳቢ አጠባበቅ
ለኡራንና ለሞያሌ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ለአስተዳደር ሠራተኞች የተነገረ ንግግር




ኡራን ከሞያሌ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ከኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ፣ በኬንያ የማርሳቢት ግዛት ውስጥ የሚገኝ መንደር መሆኑ ለሰሚው ሁሉ የታወቀ ነው። እህሉ፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮው፣ በቦናም ወራት ውኃው ጭምር ወደዚህ የሚደርሰው በመኪና ነው፤ መኪናው ብቻውን ባልበቃ ጊዜም ከኋላው ተሳቢ ይቀጠልበታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወራት ተከታትለው በቀሩበት ጊዜ፣ ከብቱ በየሜዳው ሲያልቅ፣ ውኃ የጫነ ተሳቢ ምን ማለት እንደ ሆነ ያልተረዳ ሰው በዚህ አገር አይገኝም።

ነገር ግን ተሳቢ ከተሽከርካሪ ሁሉ ይልቅ የተረሳ ዕቃ ነው። መኪና ሞተር ስላለው ሲታመም ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ አልነሣም ይላል፤ ባለቤቱም ወዲያው ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። ተሳቢ ግን እስኪሰበር ድረስ ዝም ብሎ ይከተላል። ከዚህም በላይ፣ መኪናው በአንድ ሾፌር ስም ተመዝግቦ ሲገኝ፣ ተሳቢው ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው መኪና ስለሚታሰር ኀላፊ የለውም። በብልሽቱም ጊዜ የፊተኛው ሾፌር በኋለኛው፣ የኋለኛውም በፊተኛው ያሳብባል።

ብዙ ጉዳት የሚጀምረው ከዓይን ከተሰወረ ቦታ፣ ማለት ከሞዞው ውስጥ ነው። በዚያ ያለው ኩሽኔታ በግራሶ ውስጥ ካልኖረ ይግላል፣ ይበላል፣ በመጨረሻም ጎማው ከነሞዞው ከአክስሉ ተነቅሎ ይሄዳል። በዚህ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ከሶሎሎ ወዲህ ያለው የመንደር መንገድ በየስፍራው የደረቀ ወንዝ ያቋርጣል፤ ዝናብ በዘነበ ማግስትም ወንዙ ውኃ ይይዛል። ረዥም መንገድ ሄዶ የጋለ ሞዞ ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኰማተር፣ መከላከያው ያረጀ እንደ ሆነ ውኃውንና ደለሉን ወደ ውስጥ ይስባል። ግራሶውም ነጭ ሆኖ እንደ ወተት ይቀጥናል። ስለዚህ ሞዞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥልቅ ውኃ ከተሻገረም በኋላ ሳይዘገይ፣ ተከፍቶና ታጥቦ በአዲስ ግራሶ መሞላት አለበት። በመንገድ ላይ ሲቆም ረዳቱ እየዞረ የእጁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ሞዞ አስጠግቶ ሙቀቱን ቢያመዛዝን፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥለው የታመመው ነው። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ረዳቱ ሻይ ከመጠጣቱ በፊት አንድ ጊዜ መዞሩን ብቻ ነው።

ጎማ ሲቀየር ዳዶው ምንም ያህል ቢጠብቅ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ እንደ ገና መጥበቅ ይገባዋል፤ ቀለሙና ዝገቱ ሲፈጭ ዳዶው ይላላልና። ጥንድ ሆነው ከሚዞሩት ጎማዎች አንዱ ነፋስ ያነሰው እንደ ሆነ ሸክሙ በሙሉ በጓደኛው ላይ ይወድቃል፤ በዲዳ ገልገሉ ሜዳ ሙቀት ደግሞ ሁለቱም በአንድ ቀን ይጠፋሉ። ጎማን በእግር መምታት ልኬት አይደለም፤ መለኪያው መሣሪያ ርካሽ ስለ ሆነ ይገዛ።

ስለ ፍሬን ጥቂት በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። በነፋስ ፍሬን በሚሠራ ተሳቢ ከመኪናው የሚመጣው ቀዩ ቧንቧ ቢበጠስ፣ የተሳቢው ፍሬን በራሱ እንዲይዝ ሆኖ ተሠርቷል። አንዳንድ ሰዎች ቧንቧው እያስቸገረ መንገድ ላይ አቆመን በማለት ይህን ነገር ደፍነው ይጓዛሉ። እንዲህ ያለው ተሳቢ ከሞያሌ ኰረብታ ቍልቍለት ላይ ቢለቀቅ የሚያስቆመው ነገር የለም። ሌላም ስሕተት አለ፤ ተሳቢው ከመኪናው ተፈትቶ ሲቆም በነፋሱ ብቻ እንደ ተያዘ ይተዋል። ነፋሱ በሰዓታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ሊያልቅ ይችላል፤ በሸንተረር ላይ የቆመው ተሳቢም ሰው በተኛበት ሰዓት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ታኮ አስቀድሞ ከጎማው ሥር ይደረጋል፤ መፍታቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ውኃ የሚጭኑ ሰዎች ሸክማቸውን በሊትር እየቈጠሩ በኪሎ ማሰብን ይረሳሉ። አምስት ሺህ ሊትር ውኃ፣ ታንኩ ሳይጨመር፣ አምስት ሺህ ኪሎ ነው። በግማሽ የተሞላ ታንክ ደግሞ ከሙሉው ቀላል ቢሆንም በመታጠፊያ ላይ ይበልጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ውኃው ወደ አንድ ወገን ሲገነፍል ተሳቢውን ይገለብጠዋልና። በታንኩ ውስጥ ማገጃ ግድግዳ ያለው ይመረጣል፤ የሌለውም ወይ ሞልቶ ወይ ባዶ ሆኖ ይሂድ። ባለ አንድ አክስል ትንሽ ተሳቢ ሲጫን ከክብደቱ ወደ አሥረኛው እጅ የሚሆነው በመጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ጭነቱ ወደ ኋላ ካመዘነ ተሳቢው እንደ እባብ እየተጠማዘዘ መኪናውን ይዞት ይወድቃል። መጎተቻውን የሚይዘው ፒን ቢሰበር እንኳ እንዳይለይ፣ ሰንሰለት ከሥሩ ተጠላልፎ ይታሰር።

በ2013 ዓ.ም. ኅዳር 30 ቀን የሞያሌ የጋራ የድንበር መቈጣጠሪያ ተመርቋል። ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስትነዳ ኬንያ በግራ ትነዳለች፤ ሾፌሩም በድንበሩ ላይ መስመሩን ይቀይራል። እንዲህ ባለ ስፍራ ከኋላ የሚመጣው ሰው የተሳቢውን ፍሬቻ ማየት ካልቻለ ወዴት እንደሚታጠፍ መገመት አይችልም። አቧራ የሸፈነው መብራትም እንደ ተሰበረ ይቈጠራል፤ በሌሊት መንገዱ የግመል መሆኑንም ማስታወስ ያሻል።

የቀረው ለአስተዳደሩ ሰዎች የሚሆን ነው። የሕዝብ ንብረት የሆነ የውኃ ተሳቢ ብዙ ጊዜ በዝናቡ ወራት ከዛፍ ሥር ይጣልና በቦና ጊዜ በጥድፊያ ይፈለጋል። በዚያን ጊዜ ጎማው በፀሐይ ተሰነጣጥቆ፣ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ይገኛል። ጥገናው ዝናቡ ሳለ ይሁን። ታንኩ ባዶ ሆኖ ይታጠብ፤ ነዳጅ የተጫነበት ታንክም ለመጠጥ ውኃ አይሁን። አክስሉ በእንጨት ተደግፎ ጎማው ከመሬት ይነሣ፤ ከፀሐይም ይሸፈን። ከሁሉም አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ተሳቢ አንድ ሰው በስሙ ይመደብለትና አንድ ደብተር ይሰጠው። በደብተሩም ላይ ግራሶ የተቀየረበት ቀን፣ የጎማው ዕድሜ፣ የወሰደው ሾፌርና የመለሰው ሾፌር በፊርማ ይጻፍበት። መላሹ ሳይፈርም ቍልፉ ከእጁ አይወሰድ፤ ተረካቢውም ሞዞውን ሳያይ አይፈርም።