ቻርልስ ላውተን በሰው አገርና በሰው ቋንቋ



ቻርልስ ላውተን የተባለው እንግሊዛዊ ተዋናይ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ስካርብሮ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ከባለ ሆቴል ቤተ ሰብ ተወለደ። ወላጆቹ የሆቴሉን ሥራ እንዲይዝ ይፈልጉ ስለ ነበረ፥ ወደ ሎንዶን ሄዶ የቴያትርን ትምህርት የዠመረው በ1925 ዓ.ም. ነው። ሰውነቱ ወፍራም፥ መልኩም ያላማረ ነበረ፤ ነገር ግን በ1933 ዓ.ም. በወጣው ፊልም ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛን ሆኖ ስለ ተጫወተ የአሜሪካኖችን የኦስካር ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው በ1936 ዓ.ም. በፓሪስ የሠራው ነው። ኮሜዲ ፍራንሴዝ በሚባለው ቴያትር ቤት ቆሞ የሞሊየርን ድርሰት በፈረንሣይኛ ተጫወተ። ይህም ቀላል ድፍረት አይደለም፤ የፈረንሣይ ልጅ የሞሊየርን ቃል በትምህርት ቤት ይማረዋልና፥ ባዕድ ሰው ጥቂት ቢሳሳት ጆሮው ወዲያው ያውቅበታል።

ኋላም በአሜሪካ ሳለ፥ ብሬክት ከተባለው ጀርመናዊ ደራሲ ጋራ ስለ ጋሊሌዎ የተጻፈውን ቴያትር ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። ላውተን ጀርመንኛ አያውቅም፤ የብሬክትም እንግሊዝኛ ደካማ ነበረ። ስለዚህ ደራሲው ነገሩን በአካሉና በድምፁ እየተጫወተ ያሳየዋል፤ ላውተንም ያንኑ በእንግሊዝኛ ተጫውቶ ይመልስለታል፤ እስኪስማሙ ድረስ ከደጋገሙት በኋላ ቃሉ ይጻፋል። በ1947 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ጋሊሌዎን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ላውተን ነው። በ1950 ዓ.ም. የአሜሪካ ዜጋ ሆነ፤ በ1962 ዓ.ም. በሆሊውድ ሞተ።