የደጋው ዝናብ፥ የቆላው ጎርፍና የአማተር ራዲዮ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያና ስለ አንድ ትልቅ ጉዳይ ነው። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ራዲዮ ነው፤ ጉዳዩ ግን የሰው ሕይወት ነው። ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ለማስረዳት መጀመሪያ አገሩን ላሳያችሁ።

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በስተምዕራብ የግዳን ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞላታል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ይጋርዳታል፤ በመካከል የራያ ሜዳ ተዘርግቷል። ሆርማትና ጎሊና የሚባሉት ወንዞች ከምዕራቡ ደጋ ተነሥተው ወደዚህ ሜዳ ይወርዳሉ። በበጋ ብዙው የወንዝ መሄጃ አሸዋ ብቻ ነው። ከብት ይነዳበታል፥ ሰው አቋርጦ ገበያ ይሄድበታል፥ ሴቶችና ልጆች አሸዋውን ቆፍረው ውሃ ይቀዱበታል።

በክረምት ግን ነገሩ ይለወጣል። ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል የቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። በሜዳው ያለው እረኛ አንዲት ጠብታ ሳይነካው ጎርፉ ይደርስበታል። እስቲ እናስላ። በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1 ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዳፋት ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢጥል 50 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ጀሪካን ማለት ነው። ዛፉ በተመነጠረ ገደል ላይ የዚህ ብዙው እጅ መሬት ሳይጠጣው ይወርዳል።

ደግሞም ጎርፍ በሰከንድ 2 ሜትር ቢጓዝ በሰዓት ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። 15 ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ ጎርፍ ሁለት ሰዓት ያህል ቢፈጅበት ነው። ይህች ሁለት ሰዓት ናት የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር። በደጋው ያለው ሰው ዝናቡን አይቷል፤ በቆላው ያለው ሰው አላየም። በመካከላቸው የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ወሬ ነው።

ይህ ጉድለት ምን እንደሚያስከፍል ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት አየች። ዝናቡ የጣለው በከተማይቱ ዙሪያ ባለው ደጋ ላይ ነበር፤ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ የተኛውን ሰው ወሰደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፥ ወሬው የተሰማው ውሃው ካለፈ በኋላ ነበር።

ወሬ መዘግየቱ በወሎ አዲስ ነገር አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ሕዝቡ በረኃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ፤ የዩኒቨርስቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ባሳዩ ጊዜ ተማሪው በዓይኑ አየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ከራያ ሜዳ በላይ ባለችው በኮረም የተሰበሰበው ረኃብተኛ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ዓለም ዝም ብሎ ነበር። እንግዲህ አደጋን ፈጥኖ መናገር የዚህ አገር ተማሪ የቆየ ዕዳ ነው ብል አላጋነንሁም።

አሁን ወደ ራዲዮው ልምጣ። የአማተር ራዲዮ ማለት ፈተና አልፎ ፈቃድ ያገኘ ሰው፥ ያለ ደመወዝና ያለ ንግድ፥ በተፈቀደለት ሞገድ ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት ሥራ ነው። በአሜሪካ በ1957 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1965) በሆሳዕና ዕለት የተነሡ አውሎ ነፋሶች ከ250 በላይ ሰው ከገደሉ በኋላ «ስካይዋርን» የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት እየተስፋፋ ሄደ። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ራዳር ነበረው፤ ነገር ግን የራዳር ጨረር በርቀት ከምድር ክብነት የተነሣ ከፍ እያለ ስለሚሄድ፥ ከታች ምን እንደሚደረግ ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ሰው በዓይኑ አይቶ በራዲዮ ይናገራል። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. በህንድ ውቅያኖስ ማዕበል በተነሣ ጊዜም በአንዳማን ደሴቶች የነበሩ የህንድ አማተሮች፥ መደበኛው መስመር ሲቋረጥ መልእክት አስተላልፈዋል።

ይህ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር አለ፤ በአምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለው «ኢቲ 3 ኤኤ» የተባለው ጣቢያ ተማሪዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ይህ ዕውቀት ከአምስት ኪሎ ወጥቶ እስከ ዞብል ሊሄድ ይገባዋል እላለሁ።

ምናልባት «ሁሉም ሰው ስልክ ይዞ ራዲዮ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ስልክ በሚሠራበት ጊዜ ስልክ ይደወል። ነገር ግን ስልክ የሚሠራው ማማው ቆሞ፥ መብራቱ ሳይጠፋ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ በደረሰ ጊዜ የሆነውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሌላም ልዩነት አለ። ስልክ አንዱን ለአንዱ ያገናኛል፤ ራዲዮ ግን አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። አስቸኳይ ወሬ ደግሞ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መድረስ አለበት።

የራያ መልክዓ ምድርም ይረዳናል። 2 ሜትር የሚባለው ሞገድ በቀጥታ የሚጓዝ ነው፤ ተራራ ከፊቱ ከቆመ ይቆማል። ሜዳው ግን በግራና በቀኝ ከፍታ ስላለው፥ ከላይ የቆመ ሰው ባለ 5 ዋት የእጅ ራዲዮ ይዞ ሜዳውን ሊያናግር ይችላል። ከተራራ ጀርባ ላለው ደግሞ 40 ሜትር የሚባለው ሞገድ ወደ ላይ ተተኩሶ ከሰማይ ተመልሶ ይወርዳል። ለኃይሉ የመኪና ባትሪና ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ይበቃል።

መልእክቱ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። መጀመሪያ ማዳመጥ፤ ከዚያ ባጭሩ መናገር። የት፥ መቼ፥ ምን ታየ፥ ማን አየው። ሰዓቱን በተናገርን ጊዜ በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ ብለን መለየት አለብን፤ የስድስት ሰዓት ስሕተት ጎርፉ አልፎ እንዲነገር ያደርጋል። ያዩትን እንጂ የሰሙትን አለመናገርም ታላቅ ደንብ ነው፤ ሁለት ጊዜ በከንቱ ከእንቅልፉ የተነሣ ገበሬ ሦስተኛውን አይነሣም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳንረሳ። የራያ ገበሬ ጎርፍን የሚፈራ ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቀውም ነው። ጠለፋ የሚባለው ብልሃት ጎርፉን ከወንዙ ጠልፎ ወደ ማሽላው ማሳ ያስገባል፤ ተራውን የሚያስጠብቁ የውሃ አባቶችም አሉ። ስለዚህ አንዱ መልእክት ለሁለት ወገን ይጠቅማል። እረኛው ከብቱን ከወንዝ ያወጣል፤ ገበሬው አካፋውን ይዞ ቦዩን ሊከፍት ይወርዳል። በሌሊት የመጣ ጎርፍ ሳይታወቅ ቢያልፍ ቆላው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ የሚገድለውም ውሃ መጣ፥ የሚያበቅለውም ውሃ ሄደ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅና መስማማት ከውሃ አባቶች ጋር ነው፤ እኛ ልናስተምራቸው ሳይሆን ከነርሱ ልንማር እንሄዳለን።

አደጋም አለው። ግጭት ባለበት አገር ራዲዮ የያዘ ሰው ይጠረጠራል። መድኃኒቱ መሸሸግ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት፥ አስተዳደሩን ማሳወቅ፥ በግልጽ ቋንቋ ብቻ መናገር ነው። የአማተር ሕግ ራሱ ምሥጢራዊ ንግግርን ይከለክላል። ሰላም በሌለበት ቀንም ማንም ልጅ ራዲዮ ይዞ ተራራ ይውጣ አልልም።

እንግዲህ ይህ ማኅበር ሊሠራ የሚችለውን ሦስት ነገር ላቅርብ። አንደኛ፥ ለፈቃድ ፈተና የሚዘጋጅ የጥናት ክበብ እናቋቁም፤ የኤሌክትሪክ ተማሪዎች አስተማሪ ይሁኑ። ሁለተኛ፥ ፈቃዱ እስኪገኝ በደጋ ትምህርት ቤቶች የዝናብ መለኪያ እንትከል፤ አፉና ቂጡ እኩል የሆነ ጣሳና ማስመሪያ ይበቃል፤ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተለክቶ በደብተር ይጻፍ። ሦስተኛ፥ በሰኔ ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት፥ ከደጋ ወደ ቆላ መልእክት የማድረስ ልምምድ እናድርግ፤ በስልክም በሩጫም ቢሆን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እንወቅ።

እነዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት በየቀኑ የሚያይ ዓይንና የሚታመን አንደበት ነው። ለመጀመሪያው ክበብ ስማቸውን የሚያስመዘግቡ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በበሩ አጠገብ ይቆዩልኝ።