ምጥ ከመምጣቱ በፊት
(ስድስት ኪሎ የተደረገ ንግግር)



እዚህ ስድስት ኪሎ፣ ከየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ፣ ሆስፒታል አለ። በአጥሩ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚጠብቁ ባላገሮችን ሁላችንም አይተናል። አንዳንዱ ሚስቱን ወይም ልጁን ለወሊድ ያመጣ ነው። ከእኛም መካከል እናቱ ወይም እህቱ ገጠር ያልቀረችበት ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩ የእኛው ነው።

ምጥ ጠንቶ ሕፃኑ መውጫ ሲያጣ እናትና ልጅ የሚድኑት በኦፕራሲዮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን በኦፕራሲዮን የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ። በአዲስ አበባ ከመቶ 21 ደርሰዋል። የገጠር እናቶች ኦፕራሲዮን ስለማያስፈልጋቸው ነውን? አይደለም። መንገዱ ሩቅ፣ ሆስፒታሉ ጥቂት፣ ወጪውም የሚያስፈራ ስለሆነ ነው።

በመንግሥት የጤና ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነፃ እንዲሰጥ ተደንግጓል። ታዲያ በሬው ለምን ይሸጣል? መድኃኒት ሲታጣ ከውጭ ይገዛል። ለመኪና ይከፈላል። አስታማሚው ይበላል፤ ያድራል። ቁስሉ ቢያመረቅዝ ደግሞ ሌላ ሕክምና ነው። በሬው እስኪሸጥ የገበያ ቀን ይጠበቃል፤ ምጥ ግን ገበያ አይጠብቅም።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሕክምናውን ሸክም ለማቅለል የመጣ መላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ነበሩበት። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ የታመመው ይታከምበታል። መክፈል ለማይችለው ድሀ መንግሥት ይከፍልለታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ መድኑ የመኪናና የስንቅ አይከፍልም። ምዝገባውም ወቅት አለው። ምጥ በያዛት ዕለት ሮጦ መመዝገብ አይቻልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ማንበብ የቻልን ሰዎች የቤተሰባችንን የመድን መታወቂያ እናንብብ፤ የሚታደስበት ቀን አልፎ እንደሆነ እንይ። ነፍሰ ጡር ካለች ለጉዞና ለስንቅ የሚሆን ገንዘብ ከዕቁቡ አስቀድመን እናስቀምጥ። የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥር ጽፈን በሩ ላይ እንለጥፍ። ደም የሚሰጥ ዘመድም ከወዲሁ ይታወቅ። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሲልክ የሪፈር ወረቀቱ አይረሳ።

ዛሬ ማታ ወደ አገር ቤት ስንደውል «ደህና ናችሁ ወይ?» ብለን ብቻ አንዝጋ። «መታወቂያው ታድሷል ወይ?» ብለንም እንጠይቅ።