የቅድመ አያት አገር ሲጠራ



የምረቃ ተናጋሪ ሁሉ «አጭር አደርገዋለሁ» ብሎ ይጀምርና ተመራቂውን ፀሐይ ላይ ያቆየዋል። እኔ እንዲያ ያለ ቃል አልገባም። የአደጋ ስጋት አመራር ተምራችሁ ነገ ከተፈናቃይ ጋር ለምትውሉት ለእናንተ አንድ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ታሪኩ የሄይቲ ነው፤ የሴኔጋልም ነው። ትንሽ ትንሽ የእኛም ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ከሰዓት በኋላ፣ መጠኑ 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሄይቲን መታ። ዋና ከተማዋ ፖርት ኦ ፕሪንስ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፈረሰች። ቤተ መንግሥቱ ወደቀ፣ ካቴድራሉ ወደቀ፣ የዩኒቨርሲቲ ሕንጻዎች በተማሪዎቻቸው ላይ ተደረመሱ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የሄይቲ መንግሥት ግን ከ200,000 በላይ ነው ብሏል። ቤት አልባ የሆነው ሰው ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። በማግሥቱ ወር ቺሊን 8.8 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ መታት፤ እዚያ የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ክፍል ውስጥ ስለ ተጋላጭነት የተማራችሁት ሁሉ በእነዚህ ሁለት አደጋዎች ውስጥ አለ። ሄይቲ በ1804 ባሮች አምፀው ነጻ ያወጧት አገር ናት። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን ልካ «ንብረታችን ለነበራችሁት ካሳ ክፈሉ» አለቻት፤ ሄይቲም ስትከፍል ኖረች። የተደረመሰው ሕንጻ ብረት ሲጎድለው፣ ጉድለቱ የአንድ ግንበኛ ስስት ብቻ አልነበረም።

አደጋው ሳምንት ሳይሞላው ከወደ ዳካር ያልተጠበቀ ድምፅ ተሰማ። የሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ፣ ሄይቲያውያን የአፍሪካ ልጆች ናቸው፣ ወደ ምንጫቸው መመለስ የሚሹ ካሉ መሬት በነጻ እንሰጣለን አሉ። ቃል አቀባያቸው ነገሩን አብራሩት፦ የሚመጡት ጥቂት ከሆኑ ቤት ወይም ቁራሽ መሬት፣ ብዙ ከሆኑ ደግሞ አንድ አካባቢ በሙሉ። በዚያው ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ነበርና ሐሳቡ እዚሁ እኛ ከተማ ድረስ መጥቶ መነጋገሪያ ሆነ። ሌላው ዓለም ድንኳንና ብስኩት በሚልክበት ሰዓት አንድ የአፍሪካ መሪ አገር ልስጣችሁ አለ።

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ልቡ ቢነካ አይፈረድበትም፤ ሄይቲ ባለውለታችን ናት። ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1897፣ ቤኒቶ ሲልቫን የሚባል ሄይቲያዊ ባሕር ተሻግሮ ምኒልክን ሊያገኝ መጥቷል። በ1935 ጣልያን ስትወረን ደግሞ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ የሄይቲው ተወካይ አልፍሬድ ኔሙር ተነሥቶ ተሟግቶልናል። ዛሬ በኢትዮጵያ የሆነው ነገ በሁላችንም ላይ ሊሆን ይችላል ሲል ኃያላኑን ያስጠነቀቀው ይህ የትንሽ አገር ጄኔራል ነው። በትምህርት ቤት ስሙን ሳንሰማ ማደጋችን ያሳፍራል፤ ለዛሬ ግን ልለፈው።

የእኛ ሰው «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ይላል። የዋድ ግብዣ በዚህ ተረት መንፈስ የቀረበ ነበር። እኔም ቅንነቱን አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ ከግብዣው በኋላ ያለው ነው።

በመጀመሪያ፣ የማን አያት? ሴኔጋል ውስጥ ጎሬ ደሴት ስላለች የባሪያ ንግድ ሲነሣ ሐሳባችን ወደዚያ ይሮጣል። የሄይቲ ቅድመ አያቶች ግን ባብዛኛው ከኮንጎ አካባቢና ዛሬ ቤኒን ከምንለው የባሕር ዳርቻ የተጫኑ ነበሩ፤ ከሴኔጋምቢያ የሄዱት ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። ከተጫኑም ሁለት መቶና ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። አንዲት የፖርት ኦ ፕሪንስ ጉሊት ነጋዴ አገሬ የምትለው ልጇን የቀበረችበትን፣ ገንዘብ ያበደረችበትን፣ ቋንቋዋን ሰው የሚሰማበትን ቦታ ነው። ዳካር ገበያ ወርዳ በወሎፍ መከራከር ቢኖርባት እንደማንኛውም እንግዳ ከሀሁ ትጀምራለች።

መሬቱስ? በሴኔጋል የ1964 ሕግ መሠረት አብዛኛው የገጠር መሬት የብሔራዊ ይዞታ ነው፤ በካርታ ላይ የመንግሥት ይመስላል። መሬት ላይ ሲወረድ ግን የሚያርሰው ገበሬ፣ የሚግጥበት ከብት፣ በየዓመቱ የሚያልፍበት ፉላኒ እረኛ አለው። ባዶ ተብሎ የተሰጠ መሬት ባለቤቱ ሲመጣ ባዶ አለመሆኑ የሚታወቅ ነገር ነው። ከዚህም በላይ በ2005ም በ2009ም የዳካር ዳርቻ ሰፈሮች፣ እነ ፒኪን፣ በጎርፍ ተጥለቅልቀው ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። በ2006 ደግሞ ከ30,000 በላይ ሰዎች በእንጨት ጀልባ ውቅያኖስ አቋርጠው ካናሪ ደሴቶች ገብተዋል፤ ከእነሱ ብዙዎቹ የሴኔጋል ወጣቶች ነበሩ። የራሱ ልጆች በጀልባ የሚሸሹትን አገር ለሌላ ሰው «ና ኑር» ብሎ መስጠት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለንግግር ከመጣፈጡ በቀር ብዙ የሚያስኬድ አይደለም።

እኛም ይህን ፈተና ከሌሎች ቀድመን አይተነዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጦርነቱ ጊዜ ከጎናችን ለቆሙት የጥቁር ሕዝቦች ውለታ ሻሸመኔ ላይ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፤ ወደ 200 ሔክታር ማለት ነው። ከካሪቢያንና ከአሜሪካ ሰዎች መጡ፤ «ጃማይካ ሰፈር» እስከ ዛሬ አለ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ግን የንጉሡ ስጦታ እንደሌላው መሬት ሁሉ ተወረሰ፤ ለሰፋሪዎቹ የተረፋቸው ጥቂት ነው። እዚያው ተወልደው አማርኛና ኦሮምኛ ከእኛ እኩል የሚናገሩ ልጆች መታወቂያ ሳይኖራቸው ጎረመሱ። መንግሥት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ከስጦታው ስልሳ ምናምን ዓመት በኋላ። ደም ጠርቶ አመጣቸው። ቀበሌ ሲገቡ የተጠየቁት ግን ወረቀት ነበር።

ወደ ሄይቲ ልመለስ። ከዚያ ሁሉ ግብዣ በኋላ የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010፣ 163 ሄይቲያውያን ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ዳካር ገቡ። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዓመት ባስመረቁት ግዙፍ የአፍሪካ ህዳሴ ሐውልት ሥር ተቀብለው፣ እንግዳም ስደተኛም አይደላችሁም፣ ቤተሰብ ናችሁ አሏቸው። ለአንድ ሚሊዮን ቤት አልባ ሰው 163 ወንበር! ብዙ ሰው በዚህ ስቋል። እኔ አልሳቅሁም። እንዲያውም ከጠቅላላው ሐሳብ የጠራው ክፍል ይህ ይመስለኛል። የፈረሰ ክፍል ውስጥ የተቋረጠ ትምህርት ነበር፤ የሚቀጥልበት ክፍል ተሰጠው። ተማሪው ሴኔጋላዊ ሁን አልተባለም። ዲግሪውን ይዞ አገሩ መመለስ፣ እዚያው መቅረት ወይም ሌላ አገር መሞከር የራሱ ምርጫ ሆነ። መሬት ቢሰጠው ኖሮ መሬቱ ላይ ይታሰር ነበር።

የቀሩትስ የት ሄዱ? አሜሪካ በአገሯ የነበሩትን ሄይቲያውያን ከመባረር የሚጠብቅ ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጠች። ብራዚል ከ2012 ጀምሮ ሰብአዊ ቪዛ ስትከፍት፣ ለዓለም ዋንጫ ስታዲየም በሚገነባበት ሰዓት፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሄዱ። ብራዚል የአያት አገር ነኝ አላለችም፤ ሥራና ፈቃድ ነበራት። ከሁሉ በላይ የሚበዛው ሕዝብ ግን እዚያው ፍርስራሹ አጠገብ ቀረ፤ ወይም ዘመድ ወዳለበት ገጠር ሄደ።

ተመራቂዎች፣ ይህን የማነሣው ለሄይቲ ብዬ ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የመታውን የወሎንና የትግራይን ገበሬ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ሌሎች የምዕራብ አካባቢዎች ስንጭን፣ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው፣ መሬቱ ለም ነው ብለን ነበር። ትወዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ወባውንም፣ በዚያ ምድር የሚኖረውን ጉሙዝና አኙዋክም አላስታወስንም። አሁን ደግሞ ምክንያታችን ተለውጧል። ጅግጅጋ ወይም አሶሳ ተወልዶ፣ እዚያው ሱቅ ከፍቶ፣ እዚያው ወልዶ የኖረ ሰው ሲፈናቀል፣ «ወደ አባቶችህ ክልል» ተብሎ ረግጦት በማያውቀው ከተማ ዳርቻ ይሰፍራል። አደጋ ላይ ነፍስ ለማትረፍ ከሆነ ይሁን፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ዘላቂ መፍትሔ ተብሎ ሪፖርት ሲጻፍበት ግን አልስማማም። ሱቁን ማን ያዘው? የቤቱ ካርታ የት ደረሰ? ያበደረው ብር? እነዚህ ጥያቄዎች በአዲሱ ቆርቆሮ ቤት ሥር ተቀብረው ይቀራሉ።

ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ በቅርቡ መዝገብ ይዛችሁ መጠለያ ትገባላችሁ። ቅጹ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የትውልድ ቦታ የሚሉ ሣጥኖች ታገኛላችሁ። አለቆቻችሁ ካልጨመሩት በእስክሪብቶ ኅዳጉ ላይ ጻፉት፦ በምን ትተዳደር ነበር፣ ምን ትተህ መጣህ፣ ማስረጃው በማን እጅ ነው፣ መንገዱ ሰላም ቢሆን የት መኖር ትፈልጋለህ። የምትወስዱበት ቦታ ያለውንም ገበሬ፣ ሽማግሌውንም ሴቶቹንም፣ የጭነት መኪናው ሳይነሣ ጠይቁ። ሥራችሁን ያዘገየዋል፤ ትወቀሱበታላችሁ። መልሱን ግን ቀን ጽፋችሁ ፈርሙበትና ቅጂውን ለባለቤቱ ስጡት።

ፀሐዩ በረታ፤ ከድንኳኑ ውጭ የቆሙት እናቶችም እየተመለከቱኝ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ፤ መድረኩን ለእልልታቸው ለቅቄያለሁ።